ማረሻ ያልነካቸው አራት መደቦች

እንደምን ዋላችሁ። ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ፣ ጆንያው ላይ የተቀመጣችሁ፣ ይሰማል? እሺ። ማራገቢያውማ ከተበላሸ ከረመ፣ ከሞቃችሁ መስኮቱን ክፈቱት።

ዛሬ በጋሼ የጡረታ ሽኝት ላይ መናገር የነበረበት የትራክተር ሾፌራችን ነው። ትናንት ግን የመጋዘናችን ኃላፊ፣ እትዬ መጋዘን፣ ጠራችኝና «አንቺ ነሽ የምትናገሪው፣ ስድስት ዓመት ከሳቸው ጋር ጭቃ ውስጥ የዋልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» ብላት «እሱን ማን ጠየቀሽ፣ ስለሳቸው ነው የምታወሪው እንጂ ስለራስሽ አይደለም» አለችኝ። እና እትዬ ይቅርታ፣ ስለራሴም ትንሽ አለችበት።

ጋሼ መጀመሪያ እዚህ ምርምር ጣቢያ የመጡ ቀን እኔ አልነበርኩም፣ እንዲያውም አልተወለድኩም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው እኮ። ግን ታሪኩን ያልነገረኝ ሰው የለም። ዘበኛው ነግሮኛል፣ እትዬ ነግራኛለች፣ ሾፌሩማ በየሳምንቱ ነው የሚነግረኝ፣ በነገረኝ ቁጥር ደግሞ ጭቃው እየጠለቀ ይሄዳል። ጋሼ የአፈር ቴክኒሻን ተብለው ሲቀጠሩ ሥራው ቢሮ ውስጥ መስሏቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ አዲስ ጥቁር ጫማ አድርገው መጡ። የያኔው አለቃ ከማሳው ማዶ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ጋሼ በመንገዱ ዞረው መሄድ ሲችሉ «ኧረ አላስጠብቃቸው» ብለው ቀጥ ብለው ገቡበት። ማሳው ደግሞ በዋዜማው ውሃ ገብቶበት ለችግኝ የተቦካ ነው፣ ውሃው ጸጥ ብሎ ሰማዩ ይታይበታል፣ ሲያዩት ስንዝር አይሞላም። ሦስት እርምጃ ሄዱ። በአራተኛው እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። ለካ አለቃው እጃቸውን የሚያውለበልቡት «ና» ለማለት ሳይሆን «አትምጣ!» ለማለት ነው። እና ጋሼ እዛው ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ እጃቸውን ዘርግተው «ጤና ይስጥልኝ፣ አዲሱ የአፈር ቴክኒሻን ነኝ» አሉ። አለቃው «ከአፈሩ ጋር ተዋውቀሃል፣ አሁን ውጣና ከእኔ ጋር ተዋወቅ» አሏቸው። እሳቸው ወጡ፣ አንዱ ጫማ ቀረ። እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሾፌሩ በየዓመቱ ሊያርስ ሲገባ «ጋሼ፣ ዘንድሮ አወጣልዎታለሁ» ይላል፣ እሳቸውም «አንተ ካወጣኸው ተቆራርጦ ነው የሚወጣው» ይላሉ።

ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም ትንፋሼ ይመለስልኛል።

እሺ። አሁን አንድ ነገር ልበል፣ ኋላ ፈርቼ እንዳልዘለው። ሐሙስ ስብሰባ ላይ ነበራችሁ። አለቃችን ምን አሉ? ጋሼ ሲወጡ ሙከራቸውን የሚረከብ ሰው ካልተገኘ ሰኞ ጠዋት ትራክተር ይገባል፣ አሥራ ሁለቱም የሩዝ መደብ ይታረስና የዘር ማባዣ ይሆናል አሉ። ዘጠኝ ዓመት የተለፋበት ነው። እኔ እጄን አወጣሁ፣ እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም፣ ራሱ ነው የወጣው። አለቃም አዩኝና «እናያለን፣ እኔ የምፈልገው ደብተር የሚይዝ እጅ ብቻ አይደለም፣ የሚታመን እጅ ነው» አሉኝ። እና ዛሬ ስለዚህ እጅ የምናገረው ነገር አለኝ። ከተናገርኩት ሰኞ መደቦቹን ላጣቸው እችላለሁ። ካልተናገርኩት ደግሞ ጋሼ ተሸክመውት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከዘለልኩት ሾፌር፣ አንተ አስቁመኝ፣ እሺ? አትርሳ።

ከዋናው ቢሮ የመጣችሁ እንግዶች ሙከራውን ላታውቁት ትችላላችሁ። ቀላል ነው፣ ለኔ የገባኝ ለናንተ ይጠፋችኋል አልልም። ሩዝ ነው። አሥራ ሁለት መደብ ነው። አራቱ ውሃ ተሞልቶባቸው፣ ታርሰው፣ እንደ ሊጥ ይቦካሉ፣ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው። አራቱ ደረቅ እንዳሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይታረሳሉ። አራቱ ግን ጨርሶ አይነኩም፤ አምና የታጨደው ሩዝ ገለባው እላያቸው ላይ ይተኛል፣ ገለባውን ገለጥ አድርገን፣ በቀጭን እንጨት ቀዳዳ አበጅተን ዘሩን ጣል። በቃ። ማረሻ የለ፣ ዶማ የለ፣ ምን የለ። ከዚያ በየዓመቱ የቱ ስንት ሰጠ፣ አፈሩ ምን ሆነ፣ ይመዘናል፣ ይጻፋል።

እኔ ስመጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የቀን ሠራተኛ፣ አረም ለቀማ። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ጠሩኝና «ነይ እስቲ፣ ሚዛን ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ። «እችላለሁ» አልኩ፣ አልችልም። «ይኼ ስንት ነው?» አሉኝ። አየሁት አየሁት። «ከባድ ነው» አልኩ። ጋሼ አልሳቁም፣ ዛሬ ነው እንጂ የሚስቁት ያኔ አልሳቁም፣ «ልክ ነሽ፣ ከባድ ነው፣ አሁን ምን ያህል እንደሚከብድ ላሳይሽ» አሉኝ። እንዲህ ነው የጀመርነው።

ጸባያቸውን ታውቁታላችሁ። የብረት ዘንጋቸውን ማን ያላየ አለ? መሬት ምን ያህል እንደጠጠረ የሚለኩባት፣ ቁጥር የተጻፈባት ዘንግ። ሰው ዣንጥላ እንደሚይዝ ነው የሚይዟት። እኔን ክሊኒክ ይዘውኝ ሄደው፣ ወረፋ እስኪደርሰን ግቢው ውስጥ አበባው ሥር መሬቱን ሲወጉ የክሊኒኩ ዘበኛ መጥቶ «አባት፣ ምን እየቀበሩ ነው?» አላቸው። «ምንም፣ መሬታችሁ ታፍኗል፣ ለዚህ ነው አበባው የሚሞተው» አሉት። እኛ እኮ ለሕክምና ነው የመጣነው! ኪሳቸውስ? እትዬ መጋዘን፣ ካፖርታቸውን ለማጠብ ወስደሽ ስንት እፍኝ አፈር አወጣሽ? ሦስት? እና እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ ቀን ተጽፎበታል። «ቆሻሻ ነው ብዬ ደፋሁት» ስትያቸው ሁለት ቀን አላናገሩሽም።

ከሾፌሩ ጋር የሚያደርጉትንማ ተዉት። ትራክተሩ ባልታረሱት መደቦች አጠገብ ባለፈ ቁጥር ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፣ ልጅ መንገድ ሲያሻግሩ እንደሚቆሙት። ሾፌሩ ይጮኻል፣ «ጋሼ፣ አልነካብዎትም! የሰነፍ ማሳዎን አልነካም!»

«ሰነፍ ያልከው ማንን ነው?»

«መሬቱን! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተኝቶ!»

«አንተ ተኝቶ የሚያበላህ አግኝተህ ታውቃለህ?»

እንዲህ እያሉ ይውላሉ። ሾፌር አትደበቅ፣ የፈራኸው ሌላ ነው፤ እነዛ አራት መደቦች ካሸነፉ እኔ ምን ልነዳ ነው ብለህ ነው። ራስህ ነግረኸኛል። እሺ፣ አልነገርከኝም። ነግረኸኛል።

መጀመሪያ ግን ያሸንፍ የነበረው ሾፌሩ ነው፣ እውነቱን እንናገር። በአራቱ የመጀመሪያ ዓመታት ያልታረሱት በጣም ነበር የሚያንሱት። የተቦካው በሄክታር አርባ አምስት ኩንታል ሲሰጥ ያልታረሰው ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት። አረሙ ደግሞ ሩዙን ውጦት። ጎብኚ ሲመጣ ጋሼ ሰዉን መጀመሪያ የሚወስዱት ወደነዛው ወደሚያሳፍሩት ነበር። እኔ «ጋሼ፣ ለምን ጥሩዎቹን መጀመሪያ አናሳያቸውም?» ስላቸው «እኛ ሱቅ አይደለንም» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ስንመዝን ካልታረሱት የአንዷን ጆንያ ቁጥር እኔ ትንሽ ወደ ላይ አስጠጋሁት፣ ለሳቸው ብዬ፣ ሲያዝኑ ስለማልወድ። ሚዛኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉና «አንቺ ልጅ፣ መሬቱ ያለውን ነው የምንጽፈው፣ እኔ ደስ የሚለኝን አይደለም» አሉኝ። እና ከዛ ቀን ጀምሮ ነው እሳቸው ቁጥሩን ይጠራሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ እደግማለሁ፣ ሁለታችንም አንድ ካልን ብቻ ይጻፋል። «ድገሚ!» ይላሉ። ለዚህ ነው እናንተ ድገሚ ብላችሁ ያወጣችሁልኝ። ስሜን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው መሰለኝ።

አሁን ይኼን ላልፈው ነበር፣ ሾፌር አየኸኝ? አላለፍኩትም።

ከአምስት ዓመት በፊት የጋሼ ባለቤት አረፉ። ታስታውሳላችሁ። ልጅ የላቸውም፣ ሁለት ሰው ብቻ ነበሩ። ጋሼ ስምንት ቀን አልመጡም። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ዓመቴ ነው፣ ማሳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ብቻዬን ስል ሰው የለም ማለቴ አይደለም፣ ሰው አለ፣ ግን «ይኼ እንዴት ነው?» ብዬ የምጠይቀው የለም። ጠዋት የአፈር ክፍሉን እከፍታለሁ፣ የአፈር ማድረቂያው ምድጃ ያጉረመርማል፣ ሁለቱ ወንበር አለ፣ እኔ አንዱ ላይ እቀመጣለሁ፣ ምሳዬን እበላለሁ፣ የማኝከው ድምፅ ይሰማኛል። ቤትም ያው ነው፣ እናቴ ከሞተች በኋላ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ፣ አክስቴም ሄደች፣ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ግድግዳ ነው ያለው። እና ዝናቡ ዘነበ። አረሙ ሰባተኛዋን መደብ ያዛት። ካልታረሱት አንዷን። በአራት ቀን ሩዙ ከአረሙ ሥር ጠፋ። ሾፌሩ በዛ ሲያልፍ «ይኼ የሰነፍ ማሳ እሳቸው ሲመጡ ጫካ ሆኖ ይጠብቃቸዋል» አለ፣ ሊያስቀኝ ነው፣ ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አልቅሼ አደርኩ። ከሐዘን ተመልሰው ይኼን ያያሉ ብዬ። ሰው ከሐዘን ሲመለስ ቤቱ ተጠርጎ ቢጠብቀው አይደል ደስ የሚለው።

በማግስቱ ዶማ አወጣሁ።

አዎ። እኔ ነኝ።

ቆይ፣ አትንጫጩ፣ እባካችሁ፣ ከቆምኩ አልቀጥልም። ሁላችሁም ለአምስት ዓመት የምታወሩት ጋሼ ነው የቆፈሩት ብላችሁ ነው። «ሐዘኑ አእምሮአቸውን ነካቸው፣ በገዛ እጃቸው የገዛ ሙከራቸውን ቆፈሩ» እየተባለ። ያልታረሱት ስንት ናቸው ሲባል «ሦስት ከምናምን» እየተባለ ተስቋል፣ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እሳቸው ቁጭ ብለው። እኔም እዛ ጥግ ቁጭ ብዬ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲስቅ አብሬ ስቄያለሁ፣ እንዳይታወቅብኝ። ጋሼ አልቆፈሩም። እኔ ነኝ በሁለት ቀን የመደቧን ሲሶ ገለባብጬ፣ አረሙን ነቅዬ፣ እንደ አትክልት ቦታ አሳምሬ፣ ደስ ብሎኝ የጠበቅኋቸው።

በዘጠነኛው ቀን መጡ። ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል፣ አንገታቸው ቀጥኖ። ሰላም አሉኝ፣ መደቧ ጋ ስንደርስ ቆሙ። ከዛ ተንበርክከው ዘንጓን ሰኩ፣ ምንም ሳይገፏት ገባች፣ ቅቤ ውስጥ እንደገባች። ከዛ ቀና ሳይሉ፦

«ማን ቆፈረው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። አረሙ... ሲመጡ ጸድቶ እንዲያዩት ብዬ።»

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

«ሁለት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ «እስቲ እጅሽን» አሉኝ። አሳየኋቸው። ውሃ ቋጥሮ፣ አንዱ ፈንድቶ ደምቷል። አዩት፣ አዩት፣ እና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለመደቧ ይሁን፣ ለሚስታቸው ይሁን፣ ለእጄ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አልጠየቅኋቸውም። «ሂጂ ታጠቢው፣ ጨርቅ እሰሪበት» ብቻ ነው ያሉት። ኋላ ምሳ ላይ አስረዱኝ። አረሙን አጠፋሁ ብዬ ዘርቼዋለሁ ለካ! ከታች ተቀብሮ የተኛውን የአረም ፍሬ ሁሉ ወደ ላይ አውጥቼ ብርሃን አሳይቼዋለሁ። ትሎቹ የከፈቱትን ቀዳዳ፣ ሥር የሄደበትን መንገድ፣ አራት ዓመት የተሠራውን በዶማ ደፍኜዋለሁ። «መሬት ውስጥ ቤት አለ፣ አንቺ ጣሪያውን አነሳሽው» አሉኝ። በቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት አለቃችን መጡ። አለቃ፣ ያኔ ገና መሾምዎ ነበር፣ ያስታውሱ ይሆናል። ፊትዎ ቀልቶ «ማነው ይኼን ያደረገው? የቀን ሠራተኛ ከሆነ ዛሬውኑ ይውጣ!» አሉ። እኔ ከኋላ ነኝ፣ ጨርቅ ያሰርኩበትን እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁ። ጋሼ «እኔ ነኝ» አሉ። እንዲህ፣ ሰዓት የጠየቋቸው ይመስል። «እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጽፈው ነው።» እና ጻፉት። ደብተሩን ባለፈው ሳምንት አንብቢው ብለው ሲሰጡኝ ነው ያነበብኩት፣ ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየሄድኩ። ቀኑን ጽፈዋል። የተቆፈረው ከየት እስከ የት እንደሆነ በሜትር ጽፈዋል። ጥልቀቱን ጽፈዋል። ከዛ ወዲህ ያችን ሲሶ ለብቻዋ እያጨድን፣ ለብቻዋ እየመዘንን፣ ለብቻዋ ተጽፋለች። የቆፈረው የሚለው ቦታ ላይ ብቻ የራሳቸው ስም አለ። ስለ መሬቱ አንዲት ነገር አልዋሹም። ሰው ላይ ነው የዋሹት፣ እሱም ለኔ ብለው።

እና ያች ሲሶ ምን እንዳለች ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም አልጠየቀም፣ ሁሉም ሲስቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኗ ካለው አነሰች። አረሙ እጥፍ በቀለባት። በሦስተኛው ዓመት ገና ማገገም ጀመረች። ሁለት ቀን የቆፈርኩት ሦስት ዓመት ፈጀበት። ጋሼ ይኼን ሲያዩ «አየሽ፣ ለሙከራው ጥያቄ ጨመርሽለት እንጂ አልገደልሽውም» አሉኝ። እኔ ግን ለማጽናናት ነው ብዬ አሰብኩ፣ አሁንም አስባለሁ።

ሌሎቹ ደግሞ፣ በሰባተኛው ዓመት የመስኖው ውሃ ዘግይቶ የመጣ ጊዜ ታስታውሳላችሁ? የተቦኩት መደቦች ተሰነጣጠቁ፣ እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ይገባል፣ ከታች ደግሞ ዘንጓ ስንዝር ሳትገባ ድንጋይ ላይ እንደወደቀች ትጮኻለች፣ ሥሩ የት ይሂድ? ያልታረሱት ገለባቸው ሥር እርጥበት ይዘው፣ ትሉ ይርመሰመሳል። ያን ዓመት በሄክታር ዘጠኝ ኩንታል በለጡ። ሾፌሩ ራሱ ወርዶ በእጁ አፈሩን ነክቶ «ይኼ ነገር...» ብሎ ሄደ፣ ሳይጨርሰው። አምና ደግሞ ዝናቡ ጥሩ ሲሆን የተቦካው በሁለት ኩንታል መልሶ በለጠ። ጋሼ ሁለቱንም እኩል ጮክ ብለው ነው ያነበቡት። እኔ ነኝ የሁለተኛውን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የደገምኩት፣ «አልሰማሁም፣ ድገሚ» አሉኝ።

ጋሼ። አሁን ለርስዎ ነው፣ እናንተ ብትሰሙም ባትሰሙም።

ባለፈው ሳምንት የጡረታ ወረቀትዎን ሊጨርሱ ሄደው ሦስት ቀን ከሥራ ሲቀሩ እኔ እርጥቡን አፈር ብቻዬን መዘንኩ። «መቶ ሠላሳ ሁለት ነጥብ አራት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ክፍሉ ዝም አለ። ደግሜ አልኩት። እና ራሴን ታዘብኩት፣ ቁጥሩን ትቼ በሩን ነበር የማየው። ያኔ ነው የገባኝ፣ እርስዎ ባለቤትዎ ከሞቱ ጀምሮ ቤትዎ እንዲህ ነው የሚውለው። የሚመልስ ሰው የሌለበት። በበዓል ቀን እንኳ «የውሃውን ከፍታ ልይ» ብለው የሚመጡት ለምን እንደሆነ ዘግይቼ ነው የገባኝ፣ እኔም በበዓል ቀን «ምድጃው ጠፍቶ እንዳይሆን» ብዬ የምመጣው ለዛው ነው እኮ። ሁለታችንም ምክንያት ይዘን መጥተን፣ ሁለታችንም ምክንያታችንን ተነጋግረን፣ ሻይ ጠጥተን እንለያያለን። አንድ ቀን እውነቱን ተባብለን አናውቅም።

አመሰግንዎታለሁ። ሚዛን ስላስነበቡኝ። ደብተር ስላስያዙኝ። ያቺን «እኔ ነኝ» ስላሉልኝ፣ ያኔ ቢያስወጡኝ የምሄድበት አልነበረኝም፣ አውቀው ነው ያሉት። አምስት ዓመት ሲሳቅብዎት አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም፣ እንዳላፍር። እኔ ግን አፍሬ ነው የኖርኩት። ይቅር ይበሉኝ፣ ዝም ማለቴን ነው። መቆፈሩን ይቅር ብለውኛል፣ ዝምታዬን ግን ይቅርታ ጠይቄዎት አላውቅም።

አይ፣ አይነሱ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ እባክዎት፣ ልጨርስ። ከተነሱ አለቅሳለሁ።

አለቃ፣ እርስዎም ሰሙኝ። እጄ እንግዲህ ይኼ ነው። ሰኞ መደቦቹን ለትራክተሩ ቢሰጧቸው ምንም አልልም፣ ማለቴ እላለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ግን ለምን ብዬ አልጠይቅዎትም። ብቻ እነዛ አራቱ ገና ምን እንደሚሉ አልታወቀም፣ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ነው እንጂ ለመሬት ትንሽ ነው፣ ጋሼ ናቸው እንዲህ የሚሉት። አንዴ ከታረሱ ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ዓመት የሚጠብቅላቸው ማን ነው? እኔ መቆፈር ምን እንደሚያደርግ ከሁላችሁም በላይ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የቆፈርኩት። ይኼው ነው ያለኝ።

ምን አሉ? አልሰማሁም። ዝም በሉ እስቲ፣ አለቃ እየተናገሩ ነው።

ሰኞ ሁለት ሰዓት... ቢሮ... ደብተሩን ይዤ። እሺ። ለምን? ለመባረር ነው ወይስ...

የጋሼን ስም ሰርዤ የኔን ልጽፍ? እዛ የቆፈረው የሚለው መስመር ላይ? በገዛ እጄ፣ እና ከሥሩ ፈርሜ፣ ከዛ በኋላ አዲስ ገጽ ልከፍት?

እህ።

እና ትራክተሩስ? ሾፌር፣ አለቃ ላንተ ነው የሚሉት፣ ስማ! ትራክተሩ አይገባም! ሾፌር ምን ያስጨበጭብሃል፣ አንተ አይደለህ እንዴ ሥራዬ ሊቀር ነው የምትለው? አረ ተው፣ ሰው ያይሃል፣ ዓይንህን ጥረግ።

እጽፋለሁ አለቃ። ስሜን መጻፍ እችላለሁ፣ እሱን እዚህ ማንም አላስተማረኝም፣ እሱን ከትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁት ነው። ደብተሩ ላይ የመጀመሪያ ጽሑፌ ጥፋቴ ይሆናል፣ ይሁን፣ እውነት ስለሆነ አይከብደኝም።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። እትዬ፣ ለስላሳው ለኋለኞቹ ደረሰ? አንሱ፣ ሁላችሁም፣ ጆንያ ላይ ያላችሁም።

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ጉልበትዎን አይንሳዎት። የሚተክሉት ይጽደቅልዎት። እንቅልፍዎ ጥሩ ይሁን፣ ጠዋት ሲነሱ የሚሄዱበት አይጡ። ቤትዎ ዝም አይበልብዎት።

እና ይኼንን በምኞት ብቻ አልተወውም። እሁድ ከሰዓት በር ሲንኳኳ እኔ ነኝ። የውሃ ከፍታም አላይም፣ የምድጃ ወሬም ይዤ አልመጣም፣ ምንም ምክንያት አልይዝም። ዝም ብዬ ነው የምመጣው። ይክፈቱልኝ።

ለጋሼ።